ስለ መንገዳችንና ስለ ታኮው፦ ለአባቴ

አዲስ አበባ
ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከልጆቹ ጉንፋን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ ላይ ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎ፣ ደግሞም የምነግርዎ ነገር እየጮኹ የሚናገሩት ስላልሆነ፣ ይህን ደብዳቤ በደሴ አውቶቡስ ለሚመላለሰው የጎረቤታችን ልጅ ሰጥቼ ልኬልዎታለሁ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ፤ መካከል ላይ ቢቆጡ እንኳ እስከ መጨረሻው ያስጨርሷት።

መኪናዋን ግቢዎ በር ላይ ባቆምናት ጊዜ ጎኗን በከዘራዎ መታ መታ አድርገው «ይሄ መኪና ነው ወይስ ሰርቪስ ቤት?» ያሉትን ልጆቹ እስከ ዛሬ እየደጋገሙ ይስቁበታል። አልተሳሳቱም። ፈረንጆች ካምፐር የሚሉትን፣ ሰው ቀን እየነዳው ውሎ ማታ የሚተኛበትን መኪና አዲስ መግዛት ለእኛ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ባለቤቴ አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዝቶ አራት ወር ሙሉ ጋራዥ አስቀመጠው። ከሹፌሩ ጀርባ ሁለት ረድፍ ወንበር ብቻ አስቀርቶ የቀረውን አስነቀለ፤ ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች በኮምፔንሳቶ ተደራራቢ አልጋ፣ ለእኛና ለትንሿ ደግሞ ከኋላ አንድ ሰፊ አልጋ አሠራ፤ ልብሱም ስንቁም ከአልጋው ሥር ይገባል። የጋዙ ሲሊንደር በሩ አጠገብ በሰንሰለት ታስሯል። የማታውን መብራት የሚሰጠን ሁለተኛው ባትሪ መኪናዋ ስትሄድ ከዲናሞው ይሞላል፤ ስትቆም ግን ከማስነሻው ባትሪ ስለሚለያይ፣ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ቢያበሩ እንኳ ጠዋት ሞተሩ አልነሳም አይልም። ጣሪያው ላይ የሰቀልነው ሶላር በነሐሴ ደመና ምንም አልፈየደልንም፤ ባለቤቴ ስለ እሱ ባይነሣበት ይመርጣል።

ደሴ ሳለን በጫጫታው ብዛት ስለ አመጣጣችን በቅጡ አላወራንዎትም። በሌላው አገር ሰው እንዲህ ባለ መኪና ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው በበጋ ነው፤ እኛ አገር ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ጉዟችን ከጉምና ከጭቃ ጋር ነበር። ነሐሴ 9 ቀን ተነሥተን ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን ጉሙ ወረደ፤ ጣርማ በር ስንደርስ ጣልያን የቦረቦረው ዋሻ አፉ ላይ እስክንቆም ድረስ አልታየንም። ከዋሻው ወዲያ ያለውን ቁልቁለት እርስዎ ያውቁታል፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የሚጥል ነው። ባለቤቴ ከፍ ባለ ማርሽ ለቀቃትና ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይረግጣል። ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ነገር ሸተተን። ያን ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ወደ አሰብ ወደብ ከባድ መኪና ይነዱ በነበረ ጊዜ ለረዳትዎ ሲናገሩ የሰማሁት «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚለው ቃልዎ ትዝ ብሎኝ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለኝ፤ ወንድ ልጅ መሪ ይዞ ሳለ ከሚስቱ ትምህርት መቀበል እንዴት እንደሚከብደው ያውቃሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆመን ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሎ ገዝተን በላን። ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ስላደረገ፣ እስከ ሮቢት ድረስ ፍሬኑን የነካው ከስንት አንዴ ነው። ከሚሴ ጋ የጨፋ ሜዳ ቦርከና ሞልቶበት ሐይቅ መስሎ ነበር።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ማደሪያ ግቢ ውስጥ አደርን። ሽማግሌው ዘበኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቆኝ ስምዎን ስነግረው «የኤንትሬው!» ብሎ፣ በድሮው ከባድ መኪናዎ ስም ጠርቶዎ፣ የማደሪያውን ሒሳብ አልቀበልም አለ። አንድ ነገርም ነገረኝ፤ ያንን ወደ በኋላ እጽፍልዎታለሁ።

ደሴ ስላደረግነው እርስዎ ራስዎ ያዩት ስለሆነ ብዙ አልልም፤ የቡሄ ዋዜማ ዕለት የሰፈሩ ልጆች በርዎ ላይ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ የእኔም ትልቁ ልጅ ጅራፍ ይዞ አብሯቸው መቆሙንና እርስዎ ሰላሳ ብር አውጥተው «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ማለትዎን ግን አልረሳውም። እሑድ ጠዋት መኪናዋን ጎንበስ ብለው ከሥሯ ከተመለከቱ በኋላ «የኋላው ባሌስትራ ደክሟል፤ ቀስ በሉ» አሉ። ቀጥለውም ውስጧን ዞር ዞር ብለው አይተው «አምስት ሰው እየተነፈሰ መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ ሌሊት ጣሪያው ያለቅሳል፤ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉት» አሉን። ኮምቦልቻ ስናድር በእርግጥም መጋረጃውና ፍራሹ ረጥቦ ነበር፤ እርስዎ ግን ይህን ማንም ሳይነግርዎ ነው ያወቁት። በመጨረሻ ከአልጋዎ ሥር ያንን፣ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚሰካውን ታኮ አውጥተው ለባለቤቴ ሰጡት። ከወይራ የተጠረበ፣ አንዱ ጠርዙ በጎማ ተበልቶ የጎደጎደ፣ ከሥሩ የመኪናዎ የጎን ቁጥር በጋለ ብረት የተጻፈበት፣ መጎተቻው ጠፍር ከእጅ ብዛት የጠቆረ። «አሰብ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ነው» አሉት።

ሰኞ ወደ ባቲ አብረውን እንዲወርዱ ብለምንዎ «የእኔ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ተዘግቷል» ብለው ቀሩ። ባለፈው መስከረም 1 ቀን በቡሬ በኩል ያለው የኤርትራ ድንበር ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው የመንገዱን ከተሞች አንድ በአንድ ሲጠሩ እህቴ ነግራኝ ስለነበር፣ እምቢ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለማንኛውም ሄድን። የባቲ ሰኞ ገበያ እንደ ድሮው ነው፤ አፋሮቹ ግመሉንና ፍየሉን ነድተው ከቆላ ይወጣሉ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል፣ ሁሉም እኩለ ቀን ላይ ዳገቱ ሥር ይገናኛል። ትልቁ ልጄ ከገበያው ማዶ የሚወርደውን አስፋልት አይቶ «ይህ መንገድ የት ይደርሳል?» ሲለኝ፣ እርስዎ ማታ ማታ እንደሚሉት አድርጌ «ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ…» ብዬ ጀመርኩና እዚያ ላይ ጠፋኝ።

ማክሰኞ ሐይቅ አደርን። ባለቤቴና ወንዶቹ ልጆች አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስ ገዳም ለመሳለም ሲሄዱ፣ ሴት ስለማይገባበት እኔና ትንሿ መኪናዋን ውኃው ዳር አቁመን ዓሣ ጠበስን። እሱ ፍልሰታን ስለሚጾም ሽታውን ብቻ ተካፈለ። ረቡዕ ጠዋት ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ገባን።

አባባ፣ እንግዲህ ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ረቡዕ ነሐሴ 15 ቀን ከቀትር በኋላ ከወልድያ ተነሥተን የቻይና መንገድ የሚሉትን ወደ ጋሸና የሚወጣውን ዳገት ጀመርን። ድልብን እንዳለፍን ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘግቶት አገኘነው፤ ከፊታችን ወደ ሃያ የሚሆን መኪና ተሰልፏል፣ ከኋላችንም ወዲያው ሞላ። መሽቶ ስለነበር ዳገቱ ላይ እንዳለን ማደር ግድ ሆነ። ባለቤቴ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ታኮዎን ከኋላው የቀኝ ጎማ ሥር፣ በግራው በኩል ደግሞ ድንጋይ አደረገ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ልጆቹ እንደ ጨዋታ ቆጥረው ተኙ። እኔ ግን አልተኛሁም። መኪናዋ ጋደል ስላለች አልጋው ላይ እግሬ ከራሴ በታች ነው፤ ጎማው ጠጠር በረገጠ ቁጥር፣ ነፋስ በገፋን ቁጥር ልቤ ይዘላል። ጆሮዬ በሙሉ ታኮው ላይ ነበር።

ያን ሌሊት የኮምቦልቻው ዘበኛ የነገረኝ ነገር መጣብኝ። ትዝ ይልዎት እንደሆን የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ በመጣ ማታ ከአሰብ ተመልሰው ኮምቦልቻ ደርሰው ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ እርስዎ ግን እዚያው አድረው በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጡ፣ መጥተውም ቀኑን ሙሉ ተኙ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከእኛ ይልቅ መኪናውን ይወዳል የሚል ቂም ይዤ አደግሁ፤ ለእናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደጋግሜ ብያታለሁ። ዘበኛው የነገረኝ፣ እርስዎ ማታ ከበረሃ ሲገቡ ዓይንዎ እየተከደነ የሐረጎን ዳገት መውጣት እንደማይደፍሩ፣ ሌሎቹ ሹፌሮች ሲስቁብዎ «ሬሳዬን አልወስድላቸውም» ይሉ እንደነበር ነው። ቤትም መጥተው ሲተኙ በር ሲንኳኳ ደንግጠው የሚነሡበትን ምክንያት ያወቅሁት እኔው ራሴ በአንዲት ሌሊት ስድስት ጊዜ ደንግጬ ከተነሣሁ በኋላ ነው። እርስዎ ይህን ስንት ዓመት እንዳደረጉት ቆጥሬ አልጨረስኩትም። ስለ ቂሜ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከፊታችን ጩኸት ተሰማ። ሲሚንቶ የጫነ አንድ ኤፍኤስአር የፍሬኑ አየር እየሸሸበት ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምሮ፣ ረዳቱ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ድንጋይ ይዞ ከጎማ ጎማ ይሯሯጣል። ድንጋዩ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ይወጣበታል። መኪናው ቢለቅ መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። ባለቤቴ ልጆቹን እንድቀሰቅስ ነግሮኝ ዘሎ ወረደ፤ የእኛዋ ቀላል ስለሆነች በድንጋይ ተክቶ ታኮዎን ነቀለና ኤፍኤስአሩ ጎማ ሥር ሰካው። እኔ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ዝናብ ላይ ቆሜ ነበር። ጎማው ታኮው ላይ ሲወጣ እንጨቱ ሲጮህ ሰማሁት፤ ጠርዙን ነክሶ አንድ ስንዝር ያህል ገፋው፤ ከዚያ ቆመ። እስኪነጋ አልተነቃነቀም።

ጠዋት ሎደር መጥቶ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ጠረገ። ኤፍኤስአሩ ግን ገና እየተጠገነ ነው፤ ወደ ፊት ካልተነሣ በቀር ታኮው ከሥሩ አይወጣም፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ደግሞ ጥሩምባውን እየነፋ «እለፉ!» ይለናል። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ጋሸና ጠብቁኝ፣ ወላሂ አመጣዋለሁ» አለ። ጋሸና ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅነው። አልመጣም። ምናልባት ወደ ወልድያ ተመልሶ ይሆናል። ስልኩን እንኳ አልተቀበልንም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። እንዲህ አድርገን ታኮዎን ጣልነው።

ስለ ላሊበላ በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ከጋሸና ያለውን 64 ኪሎ ሜትር ጨርሰን ስንገባ የፍልሰታ ፍቺ ስለነበር፣ ልጃገረዶቹ ቄጠማቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው አሸንድዬ ይጫወታሉ፤ ትንሿም በማግሥቱ ከመጋረጃችን ላይ ገመድ ፈትታ ሣር አሰረችበት። ከድንጋይ የተፈለፈሉትን 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት አየን፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎና ቤተ ጊዮርጊስ ጫፍ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምነግር ነበር።

ባለቤቴ አንድ ሌላ ታኮ ከመርካቶ ገዝቶ ሊልክልዎ ነበር፤ እኔ ከለከልኩት። ለመስቀል ማግሥት ደሴ እንመጣለን። እስከዚያ ከጓሮው የተቆረጠው ወይራ ግንድ ካልተፈለጠ እንዳይፈለጥ ይንገሩልኝ፤ ትልቁ ልጄ መጥረቢያ መያዝ አይችልም፣ እርስዎ ያሳዩታል። የእኛን መኪና የጎን ቁጥር ግን ገና ስላላወጣንላት ምን እንደሚጻፍበት እርስዎ ይወስኑ። ከተሠራ በኋላ ጋቢናው ውስጥ ከባለቤቴ ጎን ያለው ወንበር የእርስዎ ነው፤ ከባቲ ወዲያ እስከ ሚሌ ብቻ፣ በቀን ሄደን በቀን እንመለሳለን። እምቢ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ከዲቼቶ በኋላ ያሉትን ከተሞች ለእህቴ እየነገሩ ያስጽፉልኝ፤ ልጁ በየቀኑ ይጠይቀኛል።

የደም ግፊቱን መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ በተለይም ለቡና አጣጪዎችዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ።

የምትወድዎትና ዱዓዎን የምትሻ
ልጅዎ