የማታው የማንታ ጉዞ ላይ የጠዋት ልምምድ ለምን ጨመርን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሃዋይ፣ ኮና ዳርቻ በምናዘጋጀው ጉዞ ላይ አንድ ለውጥ አድርገናል። ማታ ማንታ ሬይ የሚባለውን፣ እንደ ክንፍ የተዘረጋ ጎን ያለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ለማየት ባሕር የሚገባ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ጠዋት፣ እግር በሚደርስበት ውሃ ውስጥ፣ ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ይለማመዳል። «ሰሌዳ ይዞ መንሳፈፍ ብቻ ከሆነ ልምምዱ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ የደወላችሁልን አላችሁ።

አብዛኞቻችን ደጋ ነው ያደግነው፤ ዋና የምንችል ጥቂት ነን። ባለፈው ጉዞ አንዲት እናታችን ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ሲያስገቡ ትንፋሽ አጠራቸው። ደንግጠው ሲፈራገጡ ከሥራቸው ይመጣ የነበረው ማንታ ዞሮ ሄደ። ጀልባው ላይ አውጥተን ፎጣ ስንደርብላቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሳናዘጋጃቸው አስገባናቸው። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አንፈልግም።

ማታ የምታዩት እንዲህ ነው። ይዛችሁት ከምትንሳፈፉት ሰሌዳ ሥር ያለው መብራት ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ይሰበስባል፤ ማንታው እነሱን ሊበላ ይመጣል። ነገሩ የተጀመረውም እዚያው ኮና ዳርቻ፣ ኬአውሆ በሚባል ቦታ አንድ ሆቴል ባሕሩ ላይ መብራት ሲያበራ ማንታዎች መሰብሰባቸው ታይቶ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3፣ 4 ሜትር የሚሆን ፍጥረት አፉን በሰፊው ከፍቶ ወደ እናንተ ይወጣና፣ ደረታችሁን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው በጀርባው ተገልብጦ ይወርዳል። ያን ጊዜ ነጭ ሆዱ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች አስተውሉ። የአንዱ ከሌላው ስለሚለይ የአካባቢው ጠላቂዎች በዚያ እየለዩ ስም አውጥተውላቸዋል።

ጅራቱ ላይ መውጊያ እሾህ የለውም፤ ሰው አይነክስም። እኛ ግን ልንጎዳው እንችላለን። ቆዳውን የሚጠብቀው የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ነው፤ እጅ ወይም እግር ሲነካው ይላጣል። እንስቷ ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው። ሃዋይ ማንታን መያዝም ሆነ መግደል እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ የከለከለችው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ እጃችሁ ከሰሌዳው እንዳይለቅ፣ እግራችሁም ወደ ታች እንዳይወርድ አደራ።

ልምምዱ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ጠዋት ሞክሮ ያልተመቸው ሰው የማታውን ክፍያ እንመልስለታለን፤ ማንም አይጫነውም። ማንታው በራሱ ፈቃድ የሚመጣ እንስሳ ስለሆነ ሳይታይ የሚቀርበት ማታ መኖሩንም ከወዲሁ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

ከውሃ ስትወጡ ነፋሱ ይበርዳል፤ ጋቢ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ አዘጋጆቻችሁ