ባለቤቴ ሰኞ ሥራ ይጀምራል፣ ሹራቡ ግን ክርኑ ላይ ተቀዷል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ አዲስ ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ሁለት ሙሉ ልብስ ግዙ፣ አምስት ሸሚዝ ይኑራችሁ፣ ጥቁርና ቡናማ ጫማ አዘጋጁ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ጸሐፊው አንድ ነገር የረሱ መሰለኝ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ የቆየ ሰው ነው። ደመወዙ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው፣ ሰው የሚያየው ግን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። በመሃል ያለውን ወር ምን ለብሶ ይክረም?

ይህን የምጽፈው ጉዳዩ በእኛ ቤት ስላጣላን ነው። አሁን ታርቀናል፣ አታስቡ።

ባለቤቴ 14 ወር ያለ ሥራ ከረመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እዚህም እዚያም የምትገኘውን ሳንቲም ለልጆቹና ለቤት ኪራይ እያዋለ ለራሱ አንድ ካልሲ እንኳ አልገዛም። ስጠይቀው መልሱ "የእኔ ይቆይ" ነበር። ከዚያ ሥራ ተገኘ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሐሙስ ማታ "ሰኞ ምን ትለብሳለህ?" አልኩት። ግራጫውን ሹራብ አንስቶ አሳየኝ።

ያንን ሹራብ ላስተዋውቃችሁ። ክርኑ ላይ ሳስቶ ሳስቶ በመጨረሻ ተቀዷል። ደረቱ ላይ ትንንሽ የክር ኳሶች አብቅሏል። አንገቱ ሰፍቶ ወደ አንዱ ትከሻ ያዘነብላል። አብሮት የሚለበሰው ሱሪ ደግሞ መቀመጫው ተፍቆ ያብረቀርቃል፣ ጉልበቱ ሰው ሳይኖርበትም የተንበረከከ ይመስላል።

"በዚህ ልትሄድ ነው?" አልኩት። አነጋገሬ ጥሩ አልነበረም።

"ምን ሆነ? የቀጠሩኝ እኮ ጭንቅላቴን ብለው ነው።"

"ጭንቅላትህን ከማየታቸው በፊት የተቀመጠበትን ኮሌታ ያያሉ።"

"ለመሆኑ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ልብስ ተብሎ የተጀመረው ነገር ወደ እናቱ ሄደ፣ ወደ እናቴ መጣ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተረሳ ነገር ሁሉ ተነሳ። መጨረሻ ላይ የአፕል ኩባንያውን ስቲቭ ጆብስን ጠራብኝ። ሰውየው ለዓመታት አንድ ዓይነት ጥቁር ሹራብ ለብሶ ኖረ፣ ማን ምን አለው? አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የጆብስ ጥቁር ሹራብ እኮ የነተበ አልነበረም። ኢሴይ ሚያኬ የተባለው ታዋቂ ጃፓናዊ ዲዛይነር በብዛት የሠራለት ነው፣ ቁም ሣጥኑ በአንድ ዓይነት አዲስ ሹራብ የተሞላ ነበር። ደግሞ ኩባንያውን ከመሠረቱት አንዱ፣ አለቃውም እሱ ነው። ማን ልብስህን ቀይር ይለዋል? የፌስቡኩን ዙከርበርግንም እንዳይጠራብኝ ቀደምኩት። በ2012 እ.ኤ.አ. ኩባንያው አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲል ባለሀብቶችን ኮፍያ ባለው ሹራብ ነበር ያገኛቸው። አንድ የገበያ ተንታኝ ይህ አለመብሰል ነው ብሎ በአደባባይ ተቸው። ያው ሰውዬ በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት ጠርቶ ሲጠይቀው ግን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነው የቀረበው። የፈለገውን መልበስ የሚችል ሰው እንኳ ቀን ይለያል።

ባለቤቴ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ስላልነበረውም ይበልጥ ተናደደ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተኮራርፈን ዋልን። እኔም ትክክል መሆኔን ለራሴ ለማረጋገጥ ስፈልግ፣ ሳነብ ዋልኩ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይፋ ያደረጉት ጥናት አለ። የአንድን ሰው ፊት አንዴ ደህና ከሚመስል ልብስ ጋር፣ አንዴ ድሃ ከሚያስመስል ልብስ ጋር እያደረጉ ለተመልካቾች አሳዩ። ፊቱ ያው ነው። ደህና ልብስ ሲለብስ ግን ብቃት ያለው መሰላቸው። ምስሉ የሚታየው ለሰከንድ አንድ ስምንተኛ ገደማ ብቻ ሲሆንም ውጤቱ አልተለወጠም። ከሁሉ የገረመኝ፣ ልብሱን አትዩት ተብለው ተነግሯቸው እንኳ ያው ሆነ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ማለት ይኼ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ልሄድበት ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ እሱ ግን ለእኔ አልጠቀመም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነጭ የሐኪም ካፖርት የለበሰ ሰው ትኩረቱ ይጨምራል ብሎ ነበር። ብዙ የወሬ ዓምድ ከዚያ ተነስቶ "ደህና ልበስ፣ ጎበዝ ትሆናለህ" እያለ ጽፏል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሰዎች ያንኑ የመጀመሪያ ሙከራ ደግመው ሲሠሩት ውጤቱ አልመጣም። ስለዚህ ባለቤቴን ሸሚዝ ሥራ ያስችልሃል ልለው አልችልም። ልለው የምችለው ሰው ይሳሳትብሃል ብቻ ነው። ሲሳሳቱ ደግሞ ጥፋቱ የእነሱ እንጂ የእሱ አይደለም፣ ይኼም እውነት ነው። ድሃ የሚመስል ሰው ሥራ አይችልም ብሎ የሚያስብን ዓይን እኔ ለምን እቤቴ አስገብቼ በገዛ ባሌ ላይ አቆመዋለሁ?

ይህን ሳስብ ነው አንድ የማይመች ነገር የገባኝ። የፈራሁት አለቃውን አልነበረም። የፈራሁት "ይኼ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ?" የምትለዋን ቃል ነው። እፍረቱ የእኔ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ 14 ወር ሙሉ እጃችን ማጠሩ አናዶኝ ሳለ በሹራቡ ላይ ተወጣሁት። የሹራቡ ክርን እኮ ያለቀው የእኔና የልጆቹ ልብስ ሲገዛ ነው። (ነገሩ ተገልብጦ እኔ ብሆን ሥራ የምጀምረው፣ "ባል የላትም እንዴ?" የሚል ሰው አይኖርም ነበር፤ የእኔን ልብስ ግን ከእሱም ብሶ ከላይ እስከ ታች ይመረምሩት ነበር። ይኼ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው።)

ደግሞ ከልክ በላይ መዘነጥም የራሱ ጣጣ አለው፣ ይህን ከራሴ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያው ቀን ከእህቴ ኮት ተውሼ፣ ሽክ ብዬ፣ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። እዚያ ሰው ሁሉ በቲሸርትና በጂንስ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ ወሬው ቆመ፣ አንዱ ስልኩን ደበቀ፣ አንዷ ተነስታ ወንበር ሳበችልኝ። ለካ ኦዲተር መስያቸው ነው። ከእነሱ ጋር ለመግባባት አንድ ወር ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ "ኦዲተሯ" ነው የሚሉኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኩና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ለቀጠረችው ሴትዮ ደውልና ሰው ምን እንደሚለብስ ጠይቃት። አፍሮ አፍሮ ደወለ። "ንጹሕ ይሁን እንጂ እንደፈለግክ" አለችው።

ስልኩን እንደዘጋ "አላልኩሽም!" አለኝ። እኔም እኩል "አላልኩህም!" አልኩት። ለእሱ ንጹሕ ማለት የታጠበ ማለት ነው። ለእኔ ንጹሕ ማለት ክሩ ያልተንጠለጠለ፣ ቁልፉ ያልጎደለ ማለት ነው። አሁን አሁን ትልልቆቹ ኩባንያዎችም እንዲሁ ናቸው። ሜሪ ባራ በመኪና አምራቹ በጄኔራል ሞተርስ የሰው ኃይል ኃላፊ በነበረችበት ጊዜ 10 ገጽ የነበረውን የአለባበስ ደንብ "እንደሚገባ ልበሱ" ወደሚሉ ሁለት ቃላት አወረደችው። ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ጎልድማን ሳክስም በ2019 እ.ኤ.አ. ደንቡን አላልቶ ለሠራተኞቹ የራሳችሁን ማመዛዘን ተጠቀሙ አላቸው። ለነባሩ ሠራተኛ ግሩም ነው፣ የሚገባውን ለዓመታት አይቶ ያውቀዋል። አዲሱ ሰው ግን የሚገባው ምን እንደሆነ የት ያንብበው? 10 ገጹ ቢያንስ ይነበብ ነበር።

እንግዲህ ምንም ሳንገዛ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ምክር ስታወጡ እንዲህ ያለውንም ጨምሩበት። ቁም ሣጥኑን አልጋ ላይ ገለበጥነው። ለካ የተቀበረ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፣ ያልተለበሰው ሁለት ቁልፍ ስለጎደለው ብቻ ነው። ሁለቱን ከሌላ ያለቀ ሸሚዝ ቆርጬ ተከልኩለት። የእጅጌውን ክር በመቀስ አጸዳሁ። ሱሪዎቹን እያነሳን በመስኮት ብርሃን አየናቸው፣ በመብራት የማይታየው ሁሉ ታየ። ከአራቱ አንዱ ብቻ መቀመጫው ደህና ነበር። ጫፉ ተተርትሮ ወደ ውስጥ በፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁት፣ ማን እንደለጠፈው አልጠየቅኩም፣ ሰፋሁት።

ካውያው ላይ ተከራከርን። እሱ እስከ መጨረሻው አግሎ ሊተኩስ ነው። ልብሱ ውስጥ ያለችውን የካውያ ምልክት እይ አልኩት። አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ እስከ 150፣ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ነው። ሦስት ነጥብ ለጥጥ ነው። ፖሊስተሩን በዚያ ብትነካው ይቀልጣል፣ ባይቀልጥም ያብረቀርቃል፣ ተመልሶም አይስተካከልም። ጥጡን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እርጥበት ይዞ ሳለ ብትተኩሰው ድካሙ ግማሽ ነው። ጫማውን ጠራረግን፣ ማሰሪያውን ከሌላ ጫማ ቀየርን። ማሰሪያ ሲቀየር ጫማ እንዴት ዓሥር ዓመት ወጣት እንደሚሆን ገና አሁን አወቅኩ።

ግራጫው ሹራብስ? ልጥለው ነበር። "እሱን ተይው" አለኝ፣ ዓይኑ ሳይቀር እየለመነኝ። ያንን ሁሉ ወር በየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ሌሊት ብርድ ላይ ሲቀመጥ የለበሰው እሱን ነው። ኳሶቹን በመላጫ ቀስ ብዬ ላጨሁለት፣ ክርኑን ከውስጥ ጠቀምኩት። ለቤት ሆነ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ልብስ ለውጥ ያመጣል ወይ ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት ያመጣል። ከዚያ በኋላ ሰው ሥራህን ስለሚያውቅ ሹራብህን አያይም። ብቻ በእነዚያ ሳምንታት ያረጀ ልብስ ሌላ፣ ያልተያዘ ልብስ ሌላ ነው። ያረጀውን ማንም ደግ ሰው ይረዳል። ቁልፍ የጎደለው ግን ችግር መሆኑ አይታወቅለትም፣ ግዴለሽ ነው ይሉታል። ለሚስቶችና ለባሎች ደግሞ፣ ሐሙስ ማታ "በዚህ ልትሄድ ነው?" ከማለት መርፌና ክር ይዞ መቅረብ ይሻላል። እኔ ቅደም ተከተሉን ስላዛባሁት ዓርብን ሙሉ ለብቻዬ ነው የበላሁት።

ሰኞ ጠዋት ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ማታ ሲመለስ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። ጫማውን አወለቀ። ስለ አለቃው ነገረኝ፣ ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነው አለኝ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ጥርስ የማያስከድን ሰው ነው አለኝ። ስለ ልብስ አንድም ቃል አልወጣውም። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀና ወንበር ላይ ሊወረውረው እጁን ካነሳ በኋላ መለስ ብሎ ማንጠልጠያ ፈለገ። ሰቀለው። ግራጫውን ሹራብ ለበሰና ሶፋው ላይ ተዘረጋ።

ምንም አላልኩም።

አንዲት አንባቢያችሁ