«ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ለምትሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ወሬ ስለሰለቸኝ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሮራና ዴንቨር፣ ሀበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚባል ነገር አለ። «አገሩ የነሱ፣ ቋንቋው የነሱ፤ እኛ ትናንት መጥተን ቤት ስንገዛ እነሱ እስከ ዛሬ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ይባላል። ሰው ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ደሜ ይፈላል። እስቲ ከኛ ብዙም ስለማትርቅ አንዲት የገበሬ ከተማ ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱ።

ኒቆዲሞስ ትባላለች። ያለችው ካንሳስ ውስጥ፣ ግራሃም ካውንቲ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ስንዴ በሆነ ሜዳ ላይ ነው። የተቆረቆረችው በ1877 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ባርነት ከቀረ ገና 12 ዓመቱ። ደብሊው አር ሂል የሚባል ነጭ የመሬት ደላላና ደብሊው ኤች ስሚዝ የሚባል ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። ኬንታኪ ያሉትን ነፃ የወጡ ሰዎች «ኑ፣ የራሳችሁን መሬት ያዙ» አሏቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ 300 ያህል ሰው መጣ። ሕጉ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ አምስት ዓመት ኖሮበት ካለማው መሬቱ የራሱ ይሆናል። ትናንት ራሱ እንደ ዕቃ ሲሸጥ ለነበረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የጠበቃቸው ግን ባዶ ሜዳ ነው። ዊሊያና ሂክማን የምትባል የሰባኪ ሚስት በ1878 ስትደርስ የሆነውን ተናግራለች። አብረዋት የመጡት ወንዶች «ያውላችሁ ኒቆዲሞስ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እሷ ዓይኗን ብታፈጥ ቤት የሚባል ነገር አይታያትም። የቱ ጋ ነው ብላ ስትጠይቅ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጭስ አሳዩዋት። ለካ ሰዉ ጉድጓድ ምሶ ነው የሚኖረው። እዚያው አለቀሰች። ከኬንታኪ ለምለም አገር መጥታ፣ መንገድ ላይ ኩፍኝ የገደላቸውን የባልንጀሮቿን ልጆች ቀብራ፣ ብታለቅስ ማን ይፈርድባታል? አይተው የተመለሱ ብዙ ናቸው። እሷና ባሏ ግን ቀሩ።

እንጨት የለም። የሚነደው የጎሽ ኩበትና የሱፍ አበባ አገዳ ነው። ፈረስና ማረሻ ያለው በጣት ይቆጠራል፣ ሌላው ያንን ሥር በሥር የሆነ መሬት በአካፋና በመቆፈሪያ ገለበጠው። በመጀመሪያው የብርድ ወራት የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦሴጆች ከአደን ሲመለሱ ሥጋ አካፍለዋቸዋል፤ የኒቆዲሞስ ልጆች ይሄን ውለታ እስከ ዛሬ ያነሳሉ።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤትና አብያተ ክርስቲያናት ነበሯት። እናንተ ጋዜጠኞች ስለሆናችሁ ይሄኛውን ልብ በሉልኝ፤ ያቺ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የነበራት ከተማ ሁለት ጋዜጣ ነበራት፣ ዌስተርን ሳይክሎንና ኒቆዲሞስ ኢንተርፕራይዝ። በ1878 እዚያ የሰፈረው ኤድዋርድ ማኬብ ደግሞ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በዚያ ዘመን!

ታዲያ ምን ሆነች? ባቡር ዘለላት። በ1887 ነዋሪው ሐዲዱ በከተማዋ እንዲያልፍ 16 ሺህ ዶላር በቦንድ ሊያዋጣ ድምፅ ሰጠ። ሐዲዱ አልመጣም። በማግስቱ ዓመት ሌላ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ከሰለሞን ወንዝ ማዶ ዘረጋ፣ ነጋዴው ሱቁን ነቅሎ ተሻገረ። ከዚያ የ1930ዎቹ ድርቅና አቧራ መጣ። በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 14 ሰው ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ በመላው አሜሪካ ያሉ ጥቁር ገበሬዎች የመንግሥት ብድር በቀለማቸው ምክንያት ሲከለከሉ ኖረው፣ የግብርና ሚኒስቴሩን ከስሰው በ1999 ነው ስምምነት ላይ የተደረሰው። ለገበሬ ብድር በሰዓቱ ካልደረሰ ዘሩ በሰዓቱ አይገባም። ያ መሬት እንዴት ከእጅ እንደሚወጣ የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

የኔን ልብ የነካው ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ ልጆቿ ይመለሳሉ። ከ1878 ጀምሮ ነፃነትን ለማክበር የጀመሩት በዓል ነው። እኔም ሄጄ አይቻለሁ። መንገዱ በመኪና ይሞላል፣ ሰልፍ አለ፣ የጥንት ጥቁር ፈረሰኛ ወታደሮችን ልብስ የለበሱ ሰዎች ያልፋሉ፣ በ1939 በድንጋይ የተሠራው የከተማዋ አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን እየያዙ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አንድ በአንድ ያሳያሉ። አብዛኛው እዚያ ኖሮ አያውቅም። መሬቱን ያልለቀቁም አሉ፤ ቬሪል ስዊዘር እንኳ፣ በ1954 ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባለው ቡድን በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የወሰደው የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም እዚያው እርሻ ነበረው።

እኛን የሚነካው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የኒቆዲሞስ አካባቢ ጥቁር ገበሬዎች ጤፍ ዘርተዋል። አዎ፣ ጤፍ! ድርቅ ይችላል፣ ስንዴ የሰለቸው መሬት ላይ ይሞከራል፣ ገዥውም አሜሪካ ያለው ሀበሻ ነው ብለው። እነሱ የኛን እህል ይዘው ወደኛ ሲመጡ እኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን «ምን ሲሠሩ ኖሩ» እንላለን። ይሄ ያሳፍራል።

አዘጋጆች ሆይ፣ ስለ አሜሪካ የምትጽፉት ዋሽንግተንና ቪዛ ብቻ አይሁን። አንድ ሰው ላኩና የነዚህን ሰዎች ታሪክ ከራሳቸው አፍ ሰምቶ በአማርኛ ይጻፍልን። በኢንተርስቴት 70 ከዴንቨር ካንሳስ ሲቲ የምትመላለሱ የትራክ ሹፌሮችም፣ በግል መኪና ስትጓዙ ዋኪኒ ላይ ወደ ሰሜን ታጠፉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ነዳጅ ቀድማችሁ ሙሉ። የማኅበረሰባችን መሪዎች ደግሞ ለኳስ ፌስቲቫል አውቶቡስ መከራየት ታውቁበታላችሁ፤ ለሐምሌ መጨረሻ አንድ ጨምሩና እዚህ የተወለዱትን ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ። እኔ ለመመዝገብ የመጀመሪያው ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ