የቆዩ የዳንቴል ሞዴሎች ባለቤት ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅማ ሂርማታ ገበያ ዙሪያና በአንዳንድ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የቆዩ የዳንቴል ሞዴሎች፣ ማለትም አሠራሩን በጽሑፍና በሥዕል የሚያሳዩ ወረቀቶች፣ ተባዝተውና ተጠርዘው ይሸጣሉ። እኔም ገዝቼ ሠርቼባቸዋለሁ፤ መሸጣቸውንም አልቃወምም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአንዳንዶቹ ሽፋን ላይ የሚታየው ማኅተም ነው። ማኅተሙ ያለ ሻጩ ፈቃድ ሞዴሉን ማባዛትም ሆነ ከሞዴሉ የተሠራ የጠረጴዛ ወይም የሶፋ ልብስ መሸጥ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ያስጠነቅቃል። በኪሮሽ ሥራ የሚተዳደሩ እናቶችም ይህን አምነው መስጋት ጀምረዋል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን የሚሰጠው ሥራውን ላመነጨው ሰው እንጂ ፎቶ ኮፒ ላነሣው አይደለም። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይቆያል፤ አመንጪው ካልታወቀ 50ው ዓመት የሚቆጠረው ሥራው ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ስለ እጅ ሥራ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመችው ተሬዝ ደ ዲልሞን በ1890 ስላረፈች፣ ዘመኑ በእኛ አገር 50 ዓመትም ይሁን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ዓመት ቢሰላ፣ ንድፎቿ ነፃ ከሆኑ ቆይተዋል። ነፃ የሆነን ነገር ማንም ማባዛትና መሸጥ ይችላል፤ ማኅተም አሳርፎ ሌላውን መከልከል ግን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ወረቀቱ የወየበ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ በወጣትነቷ ሞዴል ያሳተመች ሴት ዛሬም በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ የማንኛውም ሞዴል ዕጣ የሚወሰነው በሁለት መረጃዎች ነው፤ አንዱ የነዳፊው ስም፣ ሌላው የታተመበት ዓመት። የሚያሳዝነው ባባዦች እጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው መሆኑ ነው። በእጄ ያለው የአናናስ ሞዴል፣ የክሩ ቁጥርና የኪሮሹ መጠን ጥርት ብለው ሲነበቡ፣ የአሳታሚው ስምና ዓመተ ምሕረት የነበረበት የገጹ ግርጌ ግን በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ተነሥቷል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ጥላ ሳይቀር ይታያል። ክር አምራቾች ያሠራጯቸው ብዙ የሞዴል ወረቀቶች ከመጀመሪያውም የነዳፊ ስም ስለሌላቸው፣ ዓመቱ ከጠፋ ዘመኑን ማስላት ፈጽሞ አይቻልም። በእኔ አስተያየት ከማባዛቱ ይልቅ ይህ ይከፋል።

ከሞዴሉ የተሠራውን ዳንቴል መሸጥን በተመለከተ አዋጁ ሐሳብን፣ የአሠራር ሥርዓትንና ዘዴን እንደማይጠብቅ በግልጽ ደንግጓል። የተጻፈው መመሪያ፣ ሥዕሉና ፎቶግራፉ ጥበቃ ሊኖራቸው ይችላል፤ ስምንት ሰንሰለት ሠርቶ ጫፉን በመግጠም ቀለበት ማድረግና በየዙሩ እየጨመሩ መሄድ ግን የማንም ንብረት አይሆንም። በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት፣ ማለትም የአንድ ምርት መልክ እንደሚጠበቅበት መብት፣ ይመዘገባል የሚል ቢኖርም፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስነትን ስለሚጠይቅ፣ አያቶቻችን ሲሠሩት የኖሩትን ሞዴል ለዚህ ማቅረብ ያስቃል።

በዚህ አጋጣሚ የራሳቸውን አዲስ ሞዴል ነድፈው በቴሌግራም የሚሸጡ ወጣቶችን ጉዳይ ማንሣት እወዳለሁ። የእነርሱን ጽሑፍና ሥዕል ገዝቶ ለመላው የቡድን አባላት መልቀቅ፣ «የዳንቴል ሞዴል ድሮም የጋራ ነው» በሚል ሰበብ የሚታለፍ አይደለም። አሠራሩ የጋራ ቢሆንም ጽሑፉና ሥዕሉ የነዳፊዋ ናቸው፤ እርሷም ገና በሕይወት አለች።

ስለዚህ ጥራዝ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች ማኅተሙን አንሥተው የመጀመሪያውን አሳታሚ ስምና ዓመት ባለበት እንዲተዉ፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ለእጅ ሥራ ባለሙያዎች የሚሆን አጭር ማብራሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ማኅተሙን አይተው የተዘጋጀ ሥራቸውን ከገበያ የመለሱ እናቶች ማኅተሙን ላሳረፈው ሰው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ሞዴሉን ማን ነደፈው፣ መቼስ ታተመ?

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዳንቴል ባለሙያ፣ ከጅማ