የህንፃ ክበባችን ዓመት፦ በካርቶን፣ በማስቲሽና በተውሶ ቬንትሌተር

ዘንድሮ የአሜሪካን ዝነኛ ህንፃዎች የመረጥኩት እውነቱን ለመናገር ልጆቹ በፊልም ስለሚያውቋቸው ተመዝጋቢ አላጣም ብዬ ነው። ተመዝጋቢስ ሞላ፣ ወንበር ነው ያጣሁት። መስከረም ላይ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፣ "ቲቸር ረጅሙ የቱ ነው?"

እሺ ብዬ በኒውዮርኩ ፉክክር ጀመርኩላቸው። የክራይስለር ህንፃ አርክቴክት ዊሊያም ቫን አለን በዎል ስትሪት 40 ቁጥር ላይ ከሚሰራው ህንፃ ጋር በቁመት እልህ ተጋብቶ ነበር፣ የዛኛው አርክቴክት ደግሞ የድሮ ሸሪኩ ነው፣ እና ቫን አለን የብረት ሹል ጫፉን ህንፃው ውስጥ በድብቅ አሰርቶ በፈረንጆቹ ጥቅምት 1929 ድንገት ወደ ላይ አወጣውና 319 ሜትር ላይ ቁጭ አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ግን በ1931 ኤምፓየር ስቴት በ102 ፎቅና በ381 ሜትር መጥቶ አለፈው፣ ያውም ግንባታው ከ14 ወር ባነሰ ጊዜ ነው ያለቀው። ይሄን ስል አንዱ ከኋላ "ቲቸር፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለው ባለ ባህር ዛፍ ፎቅስ ስንት አመቱ ነው?" አለኝ፣ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

የዋሽንግተን ሀውልትን ሲያዩ "አክሱም!" ብለው ጮሁ። አክሱም ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፣ ይሄ ግን 169 ሜትሩ ሙሉ የተካበ ነው። በ1854 ብር አልቆ ቆመና ከ25 አመት በኋላ ሲቀጥል እምነበረዱ ከሌላ ቦታ ስለመጣ 46 ሜትር ገደማ ላይ ቀለሙ ይቀየራል። የኛም ልጆች ነጭ ካርቶን አልቆባቸው ጫፉን በሳሙና ካርቶን ጨረሱትና "ዋናውም እንዲህ ነው" ብለው ተከራከሩኝ፣ ምን እላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኒውዮርክ ውስጥ በ1977 ያለቀው ባለ 59 ፎቁ ያኔ ሲቲኮርፕ ይባል የነበረ ህንፃ አለ፣ መሬቱ ጥግ ላይ ቤተክርስቲያን ስለነበር ምሰሶዎቹ በማዕዘኖቹ ሳይሆን በየጎኑ መሀል ነው የቆሙት። በ1978 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ህንፃው ከጠየቀ በኋላ ኢንጂነሩ ዊሊያም ለሜዢሪየር ስሌቱን መልሶ ሲያየው በሰያፍ የሚመጣ ንፋስ አደገኛ መሆኑን አገኘ፣ መጋጠሚያዎቹም በብየዳ ፋንታ በብሎን ነበር የታሰሩት። ማታ ማታ እየበየዱ አጠነከሩት፣ ህዝቡ ግን እስከ 1995 አያውቅም ነበር።

ሞዴሉን ሰርተን በቬንትሌተር ፈተንነው፣ ፊት ለፊት ቻለ፣ ሰያፍ ስናደርገው ወደቀ (የማስቲሹ ጥፋትም አለበት፣ አልደብቅም)። ከዛ "መደበቃቸው ልክ ነው ወይ" የሚለው ክርክር ሁለት ሳምንት በላ። ግማሹ "ሰው ይሸበራል" አለ፣ አንዷ ልጅ ግን "ማታ የሚያፀዱት ሰዎችስ?" ስትል ዝም ተባለ። እኔም ከሷ ጋር ነኝ።

የወላጆች ቀን ላይ በያጅ የሆነ አንድ አባት ሞዴሉን ጎንበስ ብሎ አየና "በምንድነው ያያያዛችሁት?" አለ። በማስቲሽ ሲሉት ሳቀ፣ ግን ግማሽ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ቆሞ ስለ መጋጠሚያ አወራ። ሞዴሉ አሁን ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ትንሽ አዘንብሎ ቆሟል። ቬንትሌተሩም የላይብረሪው ነው፣ መልሱ ተብለናል።