ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቹ ቫዮሊን ማን ይቃኘው?

ክቡር አዘጋጅ፦

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆች ከሙዚቃ መሣሪያቸው እንዳይርቁ የሚተጉ በጎ ፈቃደኞችን ከልብ እናመሰግናለን። ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ልጆቹን በቪዲዮ ጥሪ ሰብስበው አብሮ በማስጫወት ነው። ይህ አያስኬድም። ድምፅ ከ30 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲዘገይ አብሮ መጫወት ይከብዳል፤ ተራ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይዘገያል። በዚያ ላይ ለንግግር ተብሎ የተሠራው ጫጫታ ማጥፊያ ረጅሙን የቫዮሊን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ልጁ በትክክል ተጫውቶ ሳለ አስተማሪው የተቆራረጠ ድምፅ ይሰማና ያልተሳሳተውን ያርመዋል። ስለዚህ ልጁ አራት የዜማ መስፈሪያ (በእኩል ምት የተከፈለ አጭር የዜማ ክፍል) ብቻ ቀድቶ ይላክ፤ አስተማሪውም ያንኑ በዝግታ ተጫውቶ ይመልስለት።

ከሁሉ በፊት ግን ቅኝቱ ይስተካከል። የቫዮሊን መቃኛ (ክሩ የሚጠመጠምበት የእንጨት ቁልፍ) ቀዳዳው ውስጥ የሚቆየው በእንጨት ፍትጊያ ብቻ ስለሆነ አየሩ ሲደርቅ ይንሸራተታል፣ ክሩም ይላላል። በትምህርት ቤት ይህን የሚያስተካክለው አስተማሪው ነበር፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ባልተቃኘ ቫዮሊን የሚለማመድ ጀማሪ ጆሮውም ጣቱም የተሳሳተውን ይለምዳሉ።

እንግዲያው የመጀመሪያው ጥሪ ዘፈን አይኑርበት። ወላጅ አጠገብ ይቀመጥና የላ ክር በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ይቃኝ፤ ከዚያ ሬ፣ ሶል፣ መጨረሻ ላይ ሚ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ክሮቹ በታች በኩል በታሰሩበት ያለው ትንሽ ብሎን ይበቃል። ብዙ ከሆነ መቃኛውን መጀመሪያ ጥቂት ማላላት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገፉ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው፤ ሳይገፉ ካዞሩት ተመልሶ ይላላል። በየእርምጃው ክሩን መታ አድርጎ ማዳመጥ የግድ ነው፤ አንዳንድ የስልክ መቃኛ መተግበሪያዎች የኖታውን ስም ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ወላጅ ስሙን ብቻ እያየ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ (ስሙ ያው ወደሆነው ቀጣይ ቀጭን ድምፅ) ሲያጠብቅ ክሩ ይበጠሳል። ቀጭኑ ሚ ቶሎ ስለሚበጠስ ፊት ከመሣሪያው ይራቅ።

ክር ሲጠብቅ ብሪጁን (ክሮቹን ደግፎ የያዘውን ቀጭን እንጨት) ወደ ጣት መርገጫው ያዘነብለዋል፤ በየጊዜው አይቶ ማቃናት ያስፈልጋል። አራቱንም ክሮች ባንዴ ማላላት ግን ፈጽሞ አይገባም። ብሪጁ ይወድቃል፤ በክሮቹ ግፊት ብቻ የቆመችው የውስጧ እንጨትም ልትወድቅ ትችላለች፣ እሷን መልሶ ማቆም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጊታር ጥርስ ባለው ማርሽ የሚዞር መቃኛ ስላለው ይቀላል። ክላሪኔት ከተጫወቱ በኋላ በጨርቅ ይጠረግ፤ ሲነፋ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ቀጭን ሸምበቆ ወልቆ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይድረቅ፣ አፍ ላይ የሚገባው ክፍልም ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍ።

ለጀማሪ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል፦ 5 ደቂቃ ረጃጅም የደጋን ስበት፣ 5 ደቂቃ ያስቸገረው ቦታ በዝግታ፣ የቀረው ልጁ የሚወደው ዜማ።

ትምህርት ቤቶችን የምንለምነው፣ መሣሪያዎቹን መጋዘን ቆልፈው እንዳይሄዱ ነው። ከመዘጋቱ በፊት የመሣሪያውን ቁጥርና የወላጁን ስልክ መዝግበው ለልጆቹ ያስረክቡ፤ ከእያንዳንዱ ቫዮሊን ጋርም የደጋን ሙጫ (ደጋኑ ክሩን እንዲይዝ ፀጉሩ ላይ የሚቀባ)፣ ደረቅ ጨርቅና አንድ ትርፍ የሚ ክር ይስጡ።

የበጎ ፈቃድ የሙዚቃ አስተማሪዎች