ለልጄ፦ የመረብ ዶቃ አሠራር

ደሴ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስለ መረቡ የአንገት ጌጥ ጠይቀሻልና ከዶቃው ልነሣ።

11 ቁጥር የብርጭቆ ዶቃ ግዢ። ቁጥሩ ሲያድግ ዶቃው ይደቃል፤ 8 ቁጥር ለዚህ ሥራ ይወፍራል። ነጭ 20 ግራም፣ ቀይ 5 ግራም በቂ ነው፤ ይተርፍሻል እንጂ አያንስሽም። ከባቲ የሰኞ ገበያም ሆነ ከደሴ ፒያሳ ስትገዢ ቀይዋን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነከርሽው ጥጥ እሺያት። ጥጡ ከቀላ ቀለሙ የተቀባ ነውና ላብ ያወርደዋል፤ ተዪው። ቀዳዳቸው የጠበበውንና ጠርዛቸው የተሰበረውን አስቀድመሽ ልቀሚ፤ ስለታም ጠርዝ ክር ይበላል።

ክሩ ናይለን ይሁን፣ መርፌው 12 ቁጥር የዶቃ መርፌ። የልብስ መርፌ ዓይኑ ስለሚወፍር አንዴ ቢያልፍ ሁለተኛ አያልፍልሽም። ሁለት ሜትር ያህል እየቆረጥሽ በሰም አሺው፤ ሲያልቅ ሌላ ትቀጥዪበታለሽ።

መሠረቱን ቀይ 1፣ ነጭ 5 እያልሽ ስኪ፤ ሁለቱም ጫፍ ቀይ ይሁን። ለ38 ሴንቲ ሜትር አንገት 271 ዶቃ ይሆናል፤ 46 ቀይ፣ በመካከላቸው 45 ክፍተት። 15 ሴንቲ ሜትር ጭራ መተው እንዳትረሺ፤ መቆለፊያው የሚታሰረው በእሱ ነው።

አሁን ዞረሽ ተመለሺ። ነጭ 4፣ ቀይ 1፣ ነጭ 4 ስኪና አምስቱን ነጭ ዘለሽ በቀጣይዋ ቀይ ውስጥ አሳልፊ። አንድ የመረብ ዓይን ይኸው ነው። ጫፍ ስትደርሺ በመጨረሻው ዓይን አራት ነጮችና በቀይዋ ውስጥ ወደ ታች ውረጂ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ዙር 5፣ 1፣ 5 እያልሽ በላይኛው ዓይን ቀይ ላይ አንጠልጥዪ። ሦስተኛው 6፣ 1፣ 6 ነው። በየዙሩ አንድ ዓይን ይቀንሳል፤ ጎኑ ሰያፍ ቢሆን አትደንግጪ፣ እንዲያውም ያምርበታል። ቁጥሩን ሳትጨምሪ ከቀጠልሽ ግን የታችኛው ጠርዝ ይሰበሰብና ጌጡ አንገት ላይ አይተኛም፣ እንደ ሲኒ ይቆማል።

አብዛኛው ስሕተት ከቀይዋ ጎን ባለችው ነጭ ማለፍ ነው። ያ ዓይን ይጣመማል፣ ተከትሎት የሚመጣውም አብሮ። በየአምስቱ ዓይን ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ እዪው። መፍታት ካለብሽ መርፌውን ከክሩ አውጥተሽ ሳቢ፤ በመርፌ ወደ ኋላ ከተመለስሽ ክሩን ትሰነጥቂዋለሽ። ክሩም እንዲያው ይጠንክር ብለሽ አትወጥሪው፤ ዓይኑ ተኮማትሮ መረብነቱ ይጠፋል። ሲላላ ደግሞ በዶቃዎቹ መካከል ክር ይታያል። ትክክለኛው ዓይን ስታነሺው ቅርጹን ይዞ ይንጠለጠላል።

መቆለፊያውን አራት ጊዜ እየደጋገምሽ እሰሪ፣ ጭራውን በስምንት ዶቃ ያህል ውስጥ መልሰሽ ቁረጪው። በክብሪት አትለኩሺው፤ ነጩ ይጠቁርብሻል።

እናትሽ